ልብ ወለድ ከየት ይወለዳል? የጁባ ጉዞ ማስታወሻ

«ይህን ሁሉ ነገር ከየት አመጣው?» አንድ ሰው ልብ ወለድ መጽሐፍ አንብቦ ሲከድን አብዛኛውን ጊዜ ከአፉ የሚወጣው ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው ለደራሲው ምስጋና ቢመስልም፥ ጠለቅ ብለው ሲመለከቱት የጉምሩክ ሹም በኬላ ላይ ከሚያቀርበው ጥያቄ ብዙም አይርቅም። ዕቃው ያማረ መሆኑ ታይቷል፤ የቀረው ከማን እንደ ተገኘ ማወቅ ነው።

እኔ ደራሲ ነኝ ለማለት አልደፍርም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በማርቀቅ የምተዳደር፥ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ትግርኛ የሆነ፥ አማርኛንም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከመጽሐፍ የተማርሁ ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ በሕይወቴ አንድ አጭር ልብ ወለድ ጽፌአለሁ፤ በእርሱም ምክንያት አንድ ወዳጅ አጥቻለሁ። ይህ ጽሑፍ ስለ ጁባ ከተማ የቀረበ ቢሆንም፥ ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ስለ ሆነ አንባቢዬ ጥቂት ይታገሠኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ፥ በጠረጴዛ ጉርብትና የተቀራረብን ሰው፥ ምሳ ስንበላ የወጣትነቱን አንድ ነገር አጫወተኝ። አባቱ እርሱን ለማስተማር የእርሻ በሬያቸውን ሸጠው ነበር። ተምሮ ሥራ በያዘ በመጀመሪያው ዓመት አባትየው አቧራ እንደ ለበሱ፥ ዱላቸውን እንደ ያዙ፥ ሊጠይቁት እስከ ቢሮው ድረስ መጡ። ባልደረቦቹ «እኒህ ሰው ማን ናቸው?» ቢሉት «የአገሬ ሰው ናቸው» ብሎ መለሰ። ሽማግሌውም ይህን ሰምተው፥ አንዲት ቃል ሳይናገሩ፥ ያመጡለትን ማር አስቀምጠው ወጡ። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። እንቅልፍ የነሣኝ ለአባቱ ማዘኔ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ታሪክ በእጄ በመግባቱ ደስ ብሎኝ ነው። በሬውን ላም፥ ማሩን ቅቤ አደረግሁት፤ የባልደረባዬንም ስም ለወጥሁ። በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ ሳነበው ተሰብሳቢው አጨበጨበልኝ። ባልደረባዬ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጦ እንደ ነበር ያወቅሁት መብራቱ ሲበራ ነው። በማግስቱ ቢሮ ስገባ ከመቀመጫው ተነሥቶ «እንደምን አደሩ?» አለኝ።

አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼ «እርስዎ» የአክብሮት ቃል መሆኑን መምህራችሁ እንዳስረዳችሁ አልጠራጠርም፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ብዙ ዓመት «አንተ» ሲል የኖረ ወዳጅ አንድ ቀን ድንገት «እርስዎ» ያለ እንደ ሆነ፥ አከበረ ማለት አይደለም፤ በሩን ዘጋ ማለት ነው። ባልደረባዬ እስከ ዛሬ ድረስ «እርስዎ» ይለኛል።

በቋንቋችን ይህን ዓይነቱን ድርሰት የምንጠራበት ቃል ራሱ የሚያሳስብ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት፥ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ስም ነበረው፤ ኋላም «ጦቢያ» በሚል ስም ታወቀ። ልብ የወለደው ታሪክ ማለት ነው። ቃሉ እናቲቱን ይነግረናል፤ አባቱ ማን እንደ ሆነ ግን ዝም ይላል።

እንግዲህ በዚህ ሐሳብ ተይዤ ሳለሁ ነው ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ጁባ የተላክሁት። ከአዲስ አበባ በአይሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የደጋው ተራራ ከክንፉ በታች እያነሰ ይሄድና በኋላ ፈጽሞ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚታየው ወሰን የሌለው ሜዳ ነው። ከአይሮፕላኑ ደረጃ ስወርድ የተቀበለኝ ሙቀት በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የምጽዋን ብቻ አስታወሰኝ። ከከተማው በስተ ምዕራብ ጀበል ኩጁር የሚባል ድንጋያማ ኮረብታ ብቻውን ቆሟል፤ በዚያ ሁሉ ሜዳ መካከል ዓይን የሚያርፍበት እርሱ ነው።

ጁባ አሮጌ ከተማ አይደለችም። እንግሊዞች ያቋቋሟት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዓመታት ነው። የደቡብ ሱዳን ዕድል ከሰሜኑ ጋር እንዲተሳሰር መንገድ የጠረገው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1947 የተደረገው በዚህችው ከተማ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጦርነት እዚህ አልዘረዝርም፤ ይሁን እንጂ የመጀመሪያውን ያበቃው ስምምነት በ1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ጁባ የነጻ አገር ዋና ከተማ ሆነች፤ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፥ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም.፥ በመንገዶቿ ላይ እንደ ገና ደም ፈሰሰ፤ በሐምሌ 2008ም ተደገመ። የተሻሻለው የሰላም ስምምነት በመስከረም 2011 ዓ.ም. የተፈረመው እንደ ገና በአዲስ አበባ ነው። ይህን ሁሉ ያየ ሕዝብ ታሪክ አያጣም። የሚያጣው የሚጽፍበትን ጊዜና ጽሕፈት የሚችል ሰላም ነው።

ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ የቢሮው ሥራ ይቀዘቅዛል። በዚያ ሰዓት በእግሬ ወደ ወንዙ እወርድ ነበር። ነጭ ዓባይ በዚህ ስፍራ ባሕር ኤል ጀበል ይባላል፤ ሰፊና ጭቃማ ነው፥ ፍጥነቱ ግን ሲያዩት ከሚገምቱት ይበልጣል፤ ከላይ የተነቀለ ሣር ደሴት መስሎ ሲንሳፈፍ ይታያል። በዳርቻው ታላላቅ የማንጎ ዛፎች አሉ። ከጥላቸው ሥር ሻይ የሚያፈሉ ሴቶች ትንንሽ የፕላስቲክ ወንበር ደርድረው ይቀመጣሉ። በዙሪያው የሚሰማው ቋንቋ የጁባ ዓረብኛ ነው፤ ይህም በ19ኛው መቶ ዓመት በወታደር ሰፈሮች ውስጥ፥ ቋንቋቸው የማይገናኝ ሰዎች እንዲግባቡበት ከዓረብኛና ከአገሩ ቋንቋዎች የተፈጠረ ነው። ማንም በክብር ዙፋን ላይ ያላስቀመጠው ቋንቋ ስንት ሰው እንደሚያስታርቅ ያየሁት በኮኞ ኮኞ ገበያ ነው።

ከከተማው ጥቂት ወደ ሰሜን ጎንዶኮሮ የሚባለው ስፍራ አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1863 የዓባይን ምንጭ ፈልገው ከደቡብ የመጡት ስፒክና ግራንት፥ ከሰሜን ወንዙን ተከትሎ ከባለቤቱ ጋር ከመጣው ከሳሙኤል ቤከር ጋር የተገናኙት በዚያ ነው። ቤከር ኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ስለ ጉዞው ወፍራም መጽሐፍ ጻፈ። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1868 ለልጆች የሚሆን ልብ ወለድ መጻፉን ነው፤ ዋናውንም ባለ ታሪክ ወደ አፍሪካ ወስዶታል። እንግዲህ ስለዚህ ወንዝ ዳር በልብ ወለድ መልክ የተናገሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መንገደኞች ነበሩ ማለት ይቻላል። ሣጥናቸውን ተሸክመው ወንዝ ያሻገሯቸው ሰዎች ያዩትን በራሳቸው እጅ የጻፉት መጽሐፍ ግን አልደረሰንም።

ይህ ነገር ያበሳጨው አንድ ሰው ከዚሁ አገር ወጥቷል፤ ታባን ሎ ሊዮንግ ይባላል። በአሜሪካ በአዮዋ የደራስያን ትምህርት ቤት የተማረ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1965 ምሥራቅ አፍሪካ በሥነ ጽሑፍ ምድረ በዳ ሆና ቀረች ብሎ በመጻፍ ብዙ ሰው አስቆጥቷል። እርሱ ግን ወቅሶ ብቻ አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው መጽሐፍ የሉዎ ሕዝብ በቃል የሚናገረውን ጥንታዊ ተረት በራሱ መንገድ እንደ ገና ጻፈው፤ ኋላም በጁባ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ፍራንሲስ ማዲንግ ዴንግ የተባሉት የዲንካ ምሁር ደግሞ፥ የሕግ ሰውና ዲፕሎማት ሳሉ፥ እ.ኤ.አ. በ1974 የዲንካን ተረቶች ሰብስበው አሳተሙ፤ ከዚያም በኋላ ሁለት ልብ ወለዶች ጻፉ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። ተረት ሰሚነት ቀደመ፥ ደራሲነት ተከተለ።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ይህን ሲሰማ «እኔም እኮ እሰማለሁ» ሳይል አይቀርም። እውነት ነው፥ ቀኑን ሙሉ እንሰማለን፤ አቤቱታ እንሰማለን፥ ይግባኝ እንሰማለን። ነገር ግን ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ በየትኛው አንቀጽ እንደሚወድቅ በልባችን ወስነን ስለምንቆይ፥ ከነገሩ ውስጥ የሚተርፈን የመዝገብ ቁጥሩ ብቻ ነው። (ይህን ስል ራሴን አውጥቼ አይደለም።)

ማታ ማታ በሆቴሌ ክፍል፥ የኤሌክትሪኩ ሞተር ከውጭ እየጮኸ፥ የማውቃቸውን ደራስያን አንድ በአንድ አስብ ነበር። ሀዲስ ዓለማየሁ በጎጃም በእንዶዳም ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ናቸው፤ በ1958 ዓ.ም. ያወጡትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከማንኩሳ ሲጀምሩ፥ ቄሱን፥ ባላባቱንና የቆሎ ተማሪውን ከሩቅ መፈለግ አላስፈለጋቸውም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ከዓድዋ አጠገብ የተወለደ፥ እንደ እኔ ትግርኛ ተናጋሪ ነበር፤ ሆኖም የአዲስ አበባን የውቤ በረሃ ሌሊት እርሱ በአማርኛ እንደ ጻፈው የጻፈ የለም። አንድ ሰው የተማረው ቋንቋ መቼ የራሱ እንደሚሆን ስጠየቅ የምሰጠው ምሳሌ እርሱን ነው። አባ ገብረ ኢየሱስ ኃይሉ ደግሞ በሮማ ተማሪ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1927 የጻፉት፥ በ1950 የታተመው የትግርኛ ልብ ወለድ፥ ጣልያን ወደ ሊቢያ ጦርነት ስለ ወሰዳቸው የኤርትራ ወታደሮች ነው። እኒህ ካህን ጠመንጃ አልተሸከሙም፤ ታሪኩ የሌሎች ነው። የዘመቱት ግን በአብዛኛው መጻፍ የማይችሉ ነበሩና፥ ባይጽፉት ኖሮ ማን ይጽፈው ነበር?

ሌላም አለ። በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ታላቅ ሹም ሆኖ በአስመራ በተደረገው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ያየውንና የሰማውን ይዞ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አወጣ። መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ብዙ ሹማምንት በመጽሐፉ ውስጥ ራሳቸውን አይተዋል ይባላል። እዚህ ላይ ቆሜ አሰብሁ። በዓሉ የጻፈው ጉልበት ስለ ነበራቸው ሰዎች ነው፤ ዋጋውንም የከፈለው ራሱ ነው። እኔ የጻፍሁት በምሳ ሰዓት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ነገረኝ ሰው ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን እርሱ ሆነ። ሁለቱንም «ከእውነተኛ ታሪክ የተወሰደ» ብሎ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ትልቅ ስሕተት ነው።

በጁባም እንዲህ ያለ ዋጋ የከፈለች ደራሲ አለች። ስቴላ ጋይታኖ ከደቡብ ሱዳናውያን ወላጆች በካርቱም ተወልዳ ያደገች፥ የመድኃኒት ቅመማ የተማረች፥ በዓረብኛ የምትጽፍ ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣችው «የደረቁ አበቦች» የተባለው የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ከጦርነት ሸሽተው በካርቱም ዙሪያ ስለ ሰፈሩ ሰዎች ይናገራል። በ2018 የወጣው «የኤዶ ነፍሳት» የተባለው ልብ ወለዷ ግን ከደቡብ ከአንዲት መንደር ይነሣል፤ በልጅነቷ ያላየችውን አገር ያገኘችው ሽማግሎች ከሚናገሩት ነው። አገሯ ነጻ ከወጣች በኋላ ጁባ መጥታ ተቀመጠች፤ ጦርነቱ ሲመጣ ግን ተቃውማ በመጻፏ ዛቻ ስለ በዛባት ከተማዪቱን ለቅቃ ወጣች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ጁባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን አንዲት ያገራችን ሴት ቡና የምታፈላበት ቤት አገኘሁ። ከአገራችንና ከኤርትራ የሄዱ ብዙ ሰዎች በዚያ ከተማ በሆቴል፥ በምግብ ቤትና ከዓባይ ውኃ በቦቴ ቀድቶ በማከፋፈል ሥራ ይተዳደራሉ። በዛፍ ጥላ ሥር በርጩማ ስቤ እንደ ተቀመጥሁ፥ አጠገቤ አንድ ረጅም፥ ጠጉሩ ሽበት የጣለበት ሰው ቡናውን ይጠጣ ነበር። የውኃ ቦቴ ነጂ ነው። አኙዋ ነው፤ ያደገውም በጋምቤላ፥ በፒኙዶ አካባቢ ነው። አማርኛን እንደ እኔው ከትምህርት ቤት የተማረ ስለ ነበረ ሁለታችንም የመጽሐፍ አማርኛ እንናገራለን፤ ባለ ቡናዋ ጥቂት ሰምታን «እናንተ ሰዎች እኮ እንደ ራዲዮ ነው የምታወሩት» ብላ ሳቀችብን።

ስለ ወንዙ ተጨዋወትን። የባሮና የጊሎ ውኃ ከዚህ ያልፋል ብዬ ገምቼ ነበር። «የለም፥ ጌታዬ» አለኝ፤ «የእኛ ወንዝ ይህን ከተማ አያየውም። በፒቦርና በሶባት ዞሮ ወደ ታች ማላካል አጠገብ ነው ከዚህኛው ጋር የሚገናኘው። እኔ ራሴ መጀመሪያ ስመጣ ቆሜ ስፈልገው ነበር።» ጊሎን ሲጠራ ዝም አለ፤ እኔም በዚያ ወንዝ ስም የማውቀው ነገር ነበረና ዝም አልሁ።

አንባቢዬ ይህን ቢያውቅ ደግ ነው። ከ1980 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ፥ ወላጅ የሌላቸው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆች በእግራቸው ተጉዘው ፒኙዶ ሰፈሩ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ልጆቹ ከሰፈሩ ተሰድደው ወደ ድንበር ሮጡ። ጊሎን ሲሻገሩ ብዙዎቹ እንደ ሰጠሙ፥ በጥይትም እንደ ተመቱ፥ አዞም የበላቸው እንዳሉ በሕይወት የተረፉት ይናገራሉ። ከእነዚህ ልጆች አንዱ ቫለንቲኖ አቻክ ዴንግ ይባላል፤ ኋላ በኬንያ በካኩማ የስደተኞች ሰፈር ቆይቶ አሜሪካ ገባ። ዴቭ ኤገርስ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ ለብዙ ጊዜ አብሮት ተቀምጦ ታሪኩን እየሰማ፥ እ.ኤ.አ. በ2006 አሳተመው። መጽሐፉ ስሙን ያገኘው ከአንድ የዲንካ ተረት ነው፤ እግዚአብሔር ለመጀመሪያው ሰው ከብትን ወይም ስሙ ያልተነገረውን «ምን»ን እንዲመርጥ ሲያቀርብለት፥ ሰውየው ከብቱን መረጠ። «ምን» የተባለው ምን እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ ይጠየቃል።

መጽሐፉ ሁሉ እውነተኛ ሰው ላይ የቆመ ሳለ «ልብ ወለድ» ተብሎ ነው የወጣው። ቫለንቲኖ ራሱ በመቅድሙ እንዳስረዳው፥ በዚያን ጊዜ ሕፃን ስለ ነበረ የተነገረውን ቃል ሁሉ በትክክል ሊያስታውስ አይችልም፤ የጎደለውን የሚሞላ ሌላ ሰው ያስፈልግ ነበር። ገንዘቡ ግን ለባለ ታሪኩ ዓላማ ዋለ፤ በትውልድ መንደሩ በማሪያል ባይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሠራበት። ይህን ውል ሳስብ ባልደረባዬና ያ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ትዝ ይሉኛል። እኔ ለባልደረባዬ የሰጠሁት ነገር ቢኖር በዚያ አዳራሽ የሦስተኛ ረድፍ መቀመጫ ብቻ ነበር።

ነጂው ሁለተኛውን ስኒ ከተቀበለ በኋላ ነገሩን በራሱ ጊዜ ጀመረው። ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ከስደተኞቹ ልጆች አንዱ፥ በዕድሜ እኩያው የሆነ፥ እናቱ በቆሎ ስትወቅጥ ሊያግዛት ወደ ግቢያቸው ይመጣ ነበር፤ እናቱም ታበላዋለች። ልጁ የሚጠጣበትን የቆርቆሮ ኩባያ ከእጁ አይለይም፤ ከሰፈሩ የተሰጠው ንብረት እርሱ ብቻ ነበር። አንድ ማታ ኩባያውን በቤታቸው ደፍ ላይ ረስቶ፥ ወይም ትቶ፥ ሲሄድ ነጂው ተከትሎ ጠራው። «ነገ እወስደዋለሁ» አለው። በማግስቱ ሰፈሩ ባዶ ነበር።

«እናቴ» አለኝ ነጂው፥ «ኩባያውን አጥባ መደርደሪያው ላይ አኖረችው። እኛ ልንጠጣበት ስናነሣ ትቆጣን ነበር። ባለቤቱ ይመጣል ትላለች። በየጊዜው ታጥበዋለች፤ አቧራ እንዳያገኘው። እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ።» ከዚያም ወደ ቦቴው እየተመለከተ «እኔ እዚህ ከተማ ስንት ዓመቴ ነው፤ ውኃ ሳወርድ በዕድሜ እኩያዬ የሆነውን ሰው ሁሉ ፊቱን አያለሁ። ባየው እንኳ አላውቀውም» አለ።

እጄ ወደ ኪሴ፥ ወደ ማስታወሻዬ፥ ራሱን ችሎ ይሄድ ነበር። የዚያን ሌሊቱ ደስታ፥ እንቅልፍ የነሣኝ ደስታ፥ እንደ ገና መጣብኝ፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ነገር ግን እጄን መልሼ «ጋሼ፥ ይህን ነገር ብጽፈው ይፈቅዱልኛል?» አልሁት። በዚህ ጥያቄ የተገረመ ይመስል አተኩሮ ተመለከተኝ። «ለመሥሪያ ቤትዎ ነው?» አለኝ። «የለም፥ ለራሴ ነው፤ ምናልባትም ለጋዜጣ» አልሁት። ስኒውን አስቀመጠና «ነገ እነግርዎታለሁ። ኩባያው የእኔ አይደለም፤ አሁን በእኅቴ እጅ ነው ያለው። እርሷን መጠየቅ አለብኝ» አለኝ።

ብዙ ደራስያን ስለ ድርሰታቸው ምንጭ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። አንዱ ሕልም ነው ይላል፥ ሌላው ትዝታ፥ ሦስተኛው ጋዜጣ ላይ ያነበብሁት ነው ይላል፤ ሁሉም እውነታቸውን ይሆናል። አንድ የውኃ ነጂ የሦስት አሥር ዓመት ታሪክ የማን ንብረት እንደ ሆነ ለማጣራት ስልክ እስኪደውል ጠብቄ የማውቅ ግን አልነበርሁም። በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱን ስብሰባ በጆሮዬ እንጂ በልቤ አልተቀመጥሁም።

በአሥር ሰዓት ሄድሁ። ባለ ቡናዋ ገና ስታየኝ «ይመጣል፥ ወንድሜ፥ ተቀመጥ» አለችኝ፤ ነገሩን እርሷም ሰምታለች ማለት ነው። ነጂው መጣ፤ ከተቀመጠም በኋላ ለሰላምታው የሚገባውን ያህል ጊዜ ሰጠ። ከዚያ «እኅቴ እሺ ብላለች» አለኝ። ሁኔታዎቹንም በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ። የእናቱ ስም አይጻፍ። ሰፈራቸው ከፒኙዶ ወዴት በኩል እንደ ሆነ አይጻፍ። ልጁ ሞቷል ተብሎ አይጻፍ፥ ማንም አላየምና። «ደግሞም» አለ፥ «ኩባያውን ብርጭቆ እንዳያደርጉብኝ። መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች ዕቃ ይለውጣሉ ይባላል።»

በሬ የነበረው ላም፥ ማር የነበረው ቅቤ፥ በፊቴ ተደረደሩ። የባልደረባዬን ስም ስለውጥ እርሱን የሸፈንሁት መስሎኝ ነበር፤ ሸፍኜ የነበረው ግን ራሴን ነው። በሬውን ላም ያደረግሁት ታሪኩ የእኔ እንዲመስለኝ ነበር። አባቱ የሸጡት የሚያርሱበትን በሬ መሆኑ፥ ከዚያ በኋላ ማሳቸውን በሰው በሬ ያረሱ መሆናቸው፥ የታሪኩ አጥንት እርሱ ነበር፤ እኔ ግን አጥንቱን አውጥቼ ጣልሁት። ያን ድርሰት እስከ ዛሬ አላሳተምሁትም፤ ወደፊትም አላሳትመውም።

ለነጂው ቃል ገባሁለት። የእርሱን ድርሻ ስጠይቀው ሳቀ፤ «ከታተመ አንዱን ለእኅቴ ይላኩላት፤ ማንበብ ትችላለች» አለኝ። ከዚያም የቡናውን ሒሳብ ከእኔ ቀድሞ ከፈለ።

በስድስተኛው ቀን ማለዳ ወደ አይሮፕላን ማረፊያው ስሄድ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ነበር፤ የቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌቶች በግራና በቀኝ እየተሽሎከለኩ ያልፋሉ። ከፊታችን አንድ ቦቴ ውኃ እያንጠባጠበ በመስቀለኛው መንገድ ቆሟል። ልናልፈው ስንል ከመስኮቱ አንድ ረጅም ክንድ ወጣ፤ የመኪናችንም ነጂ ፍሬን ያዘ።

«አንተ!» አለኝ ጮኾ፥ የሞተሩ ድምፅ እንዳይውጠው፤ «ኩባያው ጆሮ እንዳልነበረው ነግሬህ ነበር?»

አልነገረኝም ነበር። ማስታወሻዬን አወጣሁ።